የተራራ ስም ሲሰደድ

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወደ ምሥራቅ ለሚያይ ሰው የረር ጎልቶ ይታያል። እሳቱ ከጠፋ ዘመን ያስቆጠረ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ እሳተ ገሞራ ነው። ተራራው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ስሙ ግን ከተማ ከገባ ቆይቷል። ፈረቃ ሲለቀቅ የፋብሪካ ሠራተኞች ባዶ ምሳ ዕቃቸውን አንጠልጥለው ታክሲ ሲጋፉ፣ ወያላው «ጎሮ! ጎሮ!» ይላል። «የረር በር ወራጅ አለ!» የሚለው ተሳፋሪ ስለ ተራራ አያስብም። ስሙ ግን በግልጽ ይናገራል፤ ወደ የረር የሚወጣበት በር። በንጉሡ ዘመን የረርና ከረዩ የሚባል አውራጃም ነበር። የጂኦሎጂ ሰዎች ደግሞ ከዚህ ተነስቶ እስከ ወለጋው ቱሉ ወለል የሚዘልቀውን የእሳተ ገሞራ መስመር በሁለቱ ተራሮች ስም ይጠሩታል።

ፓርኩ ውስጥ ከ2006 ወዲህ ልብስና ጫማ ከሚያመርቱት ባለሀብቶች ብዙዎቹ ከሕንድ፣ ከኮሪያና ከታይዋን የመጡ ናቸው። በእነሱ አህጉር ይህ ዓይነቱ የስም ስደት የታወቀ ነው። የቡድሃ እምነት መጻሕፍት በደቡብ ሕንድ ባሕር ዳርቻ ፖታላካ የሚባል ቅዱስ ተራራ እንዳለ፣ የርኅራኄው ቅዱስ አቫሎኪቴሽቫራ በዚያ እንደሚኖር ይተርካሉ። ስሙ ባሕር ተሻግሮ በቻይና ዠጂያንግ ጠረፍ ያለች ደሴት ፑቱኦ ተባለችበት። ዛሬ ምእመኑ ኮረብታዋን ወጥቶ ገዳማቱን ይሳለማል፤ ባሕሩን ቁልቁል ከሚያየው 33 ሜትር የጓንዪን (አቫሎኪቴሽቫራ በቻይንኛ) ሐውልት ፊት ዕጣን ያጨሳል። ያው ስም ሂማላያን ተሻግሮ የላሳው ቤተ መንግሥት ፖታላ ሆነ።

እኛስ? በደብረ ዘይት መንገድ ትንሽ መንዳት ይበቃል። ቢሾፍቱን በኢየሩሳሌሙ ተራራ በደብረ ዘይት ስም፣ አዳማን በጌታ አገር በናዝሬት ስም የሰየሙት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ኋላ ሁለቱም ወደ ኦሮምኛ ስማቸው ተመለሱ። ሕዝቡ ግን ትእዛዝ አይጠብቅም፤ ዛሬም «ደብረ ዘይት ደርሼ ልምጣ» የሚል ሞልቷል።

ማንም ሳያዝለት የኖረው ስም ግን ከቢሾፍቱ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው ያለው፤ ዝቋላ። ቬኒሳዊው መነኩሴ ፍራ ማውሮ እ.ኤ.አ. በ1460 ገደማ በጨረሰው የዓለም ካርታ ላይ ጽፎታል። ስለዚህ አገር የሚያውቀውን ያገኘው የትውልድ አገራቸውን በገዛ እጃቸው ሥለው ካሳዩት ኢትዮጵያውያን ካህናት መሆኑን ራሱ መስክሯል። ስሙ በሰሜንም አለ፤ በዋግ ኽምራ ዝቋላ የሚባል ወረዳ ይገኛል።

የሸዋው ዝቋላ 2,989 ሜትር ከፍታ አለው፤ አናቱ ላይ ሐይቅ አቁሯል። በገድሉ መሠረት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከግብፅ መጥተው፣ 60 አንበሳና 60 ነብር አስከትለው፣ በዚህ ሐይቅ ቁልቁል ተተክለው ለኢትዮጵያ 100 ዓመት ጸልየዋል። ሥዕላቸውን የማያውቅ የለም፦ ሰውነታቸውን ጠጉር ሸፍኖት፣ ወፏ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ። በመጋቢትና በጥቅምት አቦ አገሬው ይወጣል፤ ጠበሉን በሃይላንድና በጀሪካን ሞልቶ ይወርዳል። ሐይቁን በዋቄፈና የሚያምኑ ኦሮሞዎችም ያከብሩታል። ከተራራው ጫፍ ላይ ሆኖ ቀኑ ከጠራ የዝዋይ ሐይቅ ቁልቁል ይታያል፤ ሌላ ስሙ ደንበል ነው፤ ይህንንም ስም ቦሌ መንገድ ላይ ያለው ሕንጻ ወስዶታል። እንግዲህ መሄድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም ይጠይቅ፤ በየካቲት 2016 አራት የገዳሙ መነኮሳት ተገድለዋል።

ወደ ቦሌ ለሚ ስንመለስ፣ በዙሪያው ያሉት ስሞች ሌላ ጠባይ አላቸው። ሲኤምሲ የጣሊያኗ የራቬና ከተማ የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር ምኅጻር ነው። ሥራ ተቋራጩ ሠርቶ ሲሄድ ስሙ ሰፈር ሆኖ ቀረ። ቱሉ ዲምቱ ግን አፈሩን አይቶ የወጣ ስም ነው፤ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ኮረብታው ቢታረስም ቢገነባበትም ምን ይመስል እንደነበር ስሙ ይነግረናልና።

ቦሌ ለሚ ቁጥር ተጨምሮለት አንድና ሁለት ተብሏል፤ ለሚ ኩራም ከ2013 ጀምሮ ክፍለ ከተማ ሆኗል። ዋናው ስም መትረፉ መልካም ነው። በሼዶቹ ሥር የቀሩት የጅረቱ፣ የጉብታውና የግጦሹ ስሞች ግን ያሉት በአዛውንቶች አፍ ላይ ብቻ ነው። ክፍለ ከተማው ከእርሻቸው የተነሱትን አባቶችና እናቶች የሚጠይቅ፣ ኦሮምኛ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው መድቦ ዛሬ ያስጽፍ።