ራስን በማጥፋት ወዳጅ ዘመድ ያጡ ቤተሰቦችን እንዴት መደገፍ ይቻላል?

ኢትዮጵያውያን ሐዘንን ብቻቸውን አይሸከሙም። መርዶ በማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራል፤ ዕድርተኛው ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ሰልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ እና ሙት ዓመት ሐዘንተኛውን ደረጃ በደረጃ ወደ ኑሮው ይመልሱታል። ሟቹ ራሱን ያጠፋ ሲሆን ግን ይህ ሥርዓት ብዙ ጊዜ ይደናቀፋል። ቤተሰቡ የአሟሟቱን ምክንያት ይደብቃል፤ ለቅሶ ደራሹም የሚለው ይጠፋዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ከ720 ሺህ በላይ ሰዎች ራሳቸውን በማጥፋት ይሞታሉ። ኮሎራዶ በአሜሪካ ችግሩ ከሚበረታባቸው ግዛቶች አንዷ ስትሆን፣ በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ ከ1 ሺህ በላይ ነዋሪዎቿን በዚህ መንገድ አጥታለች። ተመራማሪዋ ጁሊ ሴሬል እና ባልደረቦቻቸው እአአ በ2018 ያሳተሙት ጥናት፣ አንድ ሰው ራሱን ሲያጠፋ በአማካይ ሟቹን የሚያውቁ 135 ሰዎች በጉዳዩ እንደሚነኩ ገምቷል። ዴንቨርንና አውሮራን አቋርጦ በሚያልፈው ቻምበርስ ሮድ ዙሪያ እንዳሉት፣ እርስ በርስ በሚተዋወቁ የስደተኛ ማኅበረሰቦች ዘንድ አንድ ሞት ብዙ ቤት ያንኳኳል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

እንዲህ ያለ ሞት ሲደርስ ፖሊስ ወደ ቤት ይመጣል፤ አስከሬኑም ለምርመራ ይወሰዳል። ይህ ቤተሰቡ ተጠርጥሯል ማለት አይደለም። ራስን ማጥፋት በኮሎራዶ ወንጀል አይደለም። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የገፋፋን ወይም የረዳን እንጂ ሐዘንተኛውን አይደለም።

የአሟሟቱን ምክንያት የሚወስነው ሞቱ የደረሰበት ካውንቲ መርማሪ ነው። ዴንቨር የራሷ የሕክምና መርማሪ ቢሮ አላት። አውሮራ ደግሞ አራፓሆ፣ አዳምስ እና ዳግላስ ካውንቲዎችን የምትነካ በመሆኗ ጉዳዩን የሚይዘው ቢሮ እንደ አድራሻው ይለያያል። እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ዘመድ ወይም የዕድር አባል ቤተሰቡን ወክሎ ቢደውል ትልቅ እገዛ ነው። አስከሬኑ መቼ እንደሚሰጥ፣ ሃይማኖታዊ ሥርዓቱ ቶሎ መቅበርን የሚጠይቅ መሆኑ ከግምት ይገባ እንደሆነ፣ መርማሪዎች የወሰዱት ደብዳቤ ወይም ስልክ እንዴት እንደሚመለስ መጠየቅ ይችላል።

የሕይወት መድን ጉዳይም አለ። ብዙዎች ገንዘቡ ፈጽሞ አይከፈልም ብለው ያስባሉ። በኮሎራዶ ሕግ ግን ውሉ ከተገባ አንድ ዓመት ካለፈው፣ ኩባንያው ራስን ማጥፋትን ምክንያት አድርጎ ክፍያ መከልከል አይችልም።

ምን ይባላል? ምን አይባልም?

የዚህ ሐዘን የተለየ ሸክም "ለምን?" የሚለው ጥያቄ ነው። "ያን ዕለት ስልኩን ባነሳሁ" የሚል ጸጸት፣ በሟቹ ላይ ቁጣ፣ ሐፍረት፣ ለረጅም ጊዜ የታመመን ሰው ላስታመሙ ደግሞ እፎይታ ጭምር ሊቀላቀሉ ይችላሉ። ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት ራስን ማጥፋት ብዙ ጊዜ የአንድ ጠብ ወይም የአንድ ቃል ውጤት አይደለም፤ የአእምሮ ሕመም፣ ተስፋ መቁረጥና ሌሎች ችግሮች ተደራርበው የሚያስከትሉት ነው።

ስለዚህ "ምን ጎድሎት ነው?" ወይም "ማንም አላየውም?" የሚሉ ጥያቄዎች ቁስሉን ያመረቅዛሉ። እንዴት እንደሞተ ዝርዝሩን መጠየቅም አይገባም። "የምለው ጠፍቶኛል፤ ግን አብሬያችሁ ነኝ" ማለት ይበቃል። የሟቹን ስም መጥራት፣ በሕይወት ሳለ የሠራውን በጎ ነገር ማንሳት፣ ዝም ብሎ አጠገብ መቀመጥ ያጽናናል።

ልጆችና እውነቱ

ቤተሰብ ልጅን ለመጠበቅ ሲል "በድንገት ታሞ ነው" ይላል። ልጁ ግን እውነቱን ከትምህርት ቤት ወይም ከማኅበራዊ ሚዲያ ሊሰማ ይችላል፤ ያኔ ከሐዘኑ በላይ በወላጆቹ ላይ ያለው እምነት ይናጋል። የሚመከረው ለዕድሜው የሚመጥን አጭር እውነት ነው፦ አባትህ አእምሮው በጣም ታሞ ነበር፤ በዚያ ምክንያት ሕይወቱን አጠፋ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም።

የቀድሞው የዴንቨር ብሮንኮስ ተጫዋች ብራያን ግሪሲ በ12 ዓመቱ በካንሰር ባጣት እናቱ ስም እአአ በ2002 ከባለቤቱ ጋር ያቋቋመው "ጁዲስ ሃውስ" የተባለ ማዕከል፣ የቤተሰብ አባል የሞተባቸውን ልጆችና አሳዳጊዎቻቸውን ያለ ክፍያ ይደግፋል።

ፍትሐትና ጸሎት

በኦርቶዶክስ ትውፊት ራሱን ላጠፋ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ይከለከላል የሚለው እሳቤ ብዙ ቤተሰቦችን ያስጨንቃል። ሆኖም በ4ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ጢሞቴዎስ ለዚሁ ጥያቄ በሰጡት መልስ፣ ካህኑ ሟቹ አእምሮውን ስቶ እንደነበር በጥንቃቄ እንዲመረምር አዝዘዋል። የሟቹን የሕመም ታሪክ ለንስሐ አባት በግልጽ መንገር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በእስልምናም ድርጊቱ ከባድ ኃጢአት ተደርጎ ቢቆጠርም፣ አብዛኞቹ የሕግ ሊቃውንት የጀናዛ ሶላት እንደሚሰገድለት ይስማማሉ።

ከሰማንያ በኋላ

ለቅሶ ደራሹ ሲበተን የብቸኝነቱ ወራት ይጀምራል። የልደት ቀን፣ በዓልና ሙት ዓመት ይከብዳሉ። ዕድሮች በየተራ የሚጠይቅ ሰው ቢመድቡ ይህን ክፍተት ይሞላሉ።

ኮሎራዶ በዚህ ረገድ የቆየ ልምድ አላት። ልጃቸውን በዚህ መንገድ ያጡት ላሪታ አርቺባልድ እአአ በ1980 በኮሎራዶ ስፕሪንግስ "ሃርትቢት" የተባለውን የሐዘንተኞች መደጋገፊያ ቡድን መሥርተዋል። የአሜሪካ ራስን ማጥፋት መከላከያ ፋውንዴሽን ደግሞ ተመሳሳይ ሐዘን የደረሰባቸው በጎ ፈቃደኞች ከሐዘንተኞች ጋር በስልክ ወይም በቪዲዮ እንዲነጋገሩ ያደርጋል።

ሐዘንተኞች ራሳቸውም ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው። አንድ ሰው "ተከትዬው ብሄድ" የሚል ሐሳብ ካነሳ፣ ራሱን ስለማጥፋት እያሰበ እንደሆነ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያባብስም፤ ለመነጋገር በር ይከፍታል። ብቻውን አለመተው፣ ሊጎዳበት የሚችለውን መሣሪያና መድኃኒት ከቤት ማራቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ 988 ላይ በማንኛውም ሰዓት በነፃ መደወል ይቻላል፤ ደዋዩ አስተርጓሚ እንዲቀርብለት መጠየቅ ይችላል። ሕይወት በአፋጣኝ አደጋ ላይ ከሆነ የሚደወለው 911 ነው።