መዝሙሩ ሲዘመር አንገት የደፉት

እኛ ተማሪ ሳለን ባንዲራ ሲሰቀል ንቅንቅ ማለት ክልክል ነበር። ከአጥሩ ውጭ የሚያልፈው መንገደኛ ሳይቀር ባለበት ቀጥ ይላል። አፍንጫው ላይ ዝንብ ያረፈችበት ልጅ እጁን ካነሳ፣ ሰልፉ እንደተበተነ ከዩኒት ሊደሩ ጋር ጉዳይ ይኖረዋል። «አገርህን አትወድም?» ነው የመጀመሪያው ጥያቄ። ልጁ የጠላው እኮ ዝንቧን ነው።

ይቺው ጥያቄ ታዲያ በዓለም አደባባይ ሜዳሊያ ያጠለቁ ሰዎችንም ስታሳድድ ኖራለች። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ እነሱ ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

በ1936 የበርሊን ኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው ሶን ኪ ቹንግ ኮሪያዊ ነው። ኮሪያ ከ1910 ጀምሮ በጃፓን ተይዛ ስለነበር በጃፓን ማሊያ ሮጠ፤ ስሙም በጃፓንኛ አነባበብ ኪቴይ ሶን ተብሎ ተመዘገበ። 2 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ሮጦ አሸንፎ፣ ሰገነቱ ላይ የጃፓን መዝሙር ሲመታ አንገቱን ደፋ። ለአሸናፊ የምትሰጠውን የኦክ ችግኝ ወደ ደረቱ አስጠግቶ ማሊያው ላይ ያለችውን ቀይ ፀሐይ ሸፈነባት። ሦስተኛ የወጣው ናም ሱንግ ዮንግም ኮሪያዊ ነበር፤ እሱም አቀርቅሯል፤ ችግኝ ግን አልነበረውም። በሶን የቀናሁት በወርቁ አይደለም፣ ባንዲራዋን በሸፈነባት ችግኝ ነው ብሎ በኋላ ተናግሯል። እዚያው ኮሪያ ዶንግ አ ኢልቦ የተባለው ጋዜጣ ፎቶግራፉን ሲያትም ከሶን ደረት ላይ ባንዲራዋን ፍቆ አወጣው። ጋዜጠኞቹ ታሰሩ፤ ጋዜጣው ለወራት ታገደ።

ያ ዓመት አዲስ አበባ ላይ የጣልያን ባንዲራ የተሰቀለበት ዓመት ነው። ስለዚህ የሶንን አንገት መድፋት ለኢትዮጵያዊ ማብራራት አያስፈልግም። ባይደፋ ነበር የምንታዘበው።

ከ32 ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1968 መጀመሪያ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አፓርታይድ የነገሠባትን ደቡብ አፍሪካን ወደ ሜክሲኮ ሊያስገባ ሲወስን፣ ቀድመው «እንግዲያው እኛ አንመጣም» ካሉት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። አፍሪካውያኑ ሲበዙ ኮሚቴው ውሳኔውን ሻረ። አሜሪካ ውስጥ የተደራጁት ጥቁር አትሌቶች ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱም ይኸው ነበር። ለገዛ አገራቸው ያላቸው ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም።

ኦክቶበር 16 ቀን ቶሚ ስሚዝ 200 ሜትሩን በ19.83 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሁለተኛ አውስትራሊያዊው ፒተር ኖርማን፣ ሦስተኛ የስሚዝ ጓደኛ ጆን ካርሎስ። ሁለቱ አሜሪካውያን ጫማቸውን አውልቀው በጥቁር ካልሲ ወደ ሰገነቱ ወጡ፤ የወገኖቻቸው ድህነት ይታይ ብለው። ካርሎስ በመንጋ ፍርድ ተሰቅለው ለሞቱ ጥቁሮች መታሰቢያ ጨሌ አንገቱ ላይ አስሯል። ጥቁር ጓንቱን ግን ማደሪያው ረስቶት መጥቶ ነበር። የስሚዝን ጓንት ተካፈሉት ብሎ መላ የሰጠው ነጩ ኖርማን ነው፤ የአንዱ ቀኝ የሌላው ግራ እጅ የተነሳው በዚህ ነው። የአሜሪካ መዝሙር ሲጀመር ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው ጡጫቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። ኖርማን እጁን አላነሳም፤ ደረቱ ላይ ግን እነሱ ያደረጉትን የሰብአዊ መብት ባጅ አድርጓል።

ከተመልካቹ ብዙው ጮኸባቸው። የኦሎምፒክ ኮሚቴው ፕሬዚዳንት አቬሪ ብሩንዴጅ ይባረሩ አለ፤ አሜሪካኖቹ ሲያንገራግሩ ቡድኑን በሙሉ አግዳለሁ ብሎ አስፈራራ። ተባረሩ። ፖለቲካ ኦሎምፒክ ውስጥ ቦታ የለውም ነው ምክንያቱ። ይኸው ሰውዬ በ1936 የአሜሪካን ኦሎምፒክ ኮሚቴ ሲመራ፣ አሜሪካ ከሂትለር በርሊን እንዳትቀር ሽንጡን ገትሮ የተከራከረ ነው። ያኔ ሰገነቱ ላይ የሚዘረጋው የናዚ ሰላምታ ፖለቲካ ሆኖ አልታየውም።

በዚያው በሜክሲኮ፣ ቀናት ቆይቶ የቼኮዝሎቫኪያዋ ጂምናስት ቬራ ቻስላቭስካ የሶቪየት መዝሙር ሲመታ ፊቷን አዙራ አቀረቀረች። የሶቪየት ታንኮች ፕራግ ከገቡ ሁለት ወር ገደማ ነው። ምዕራባውያኑ ጀግና አሏት። ስሚዝንና ካርሎስን ከሃዲ ካሏቸው ሰዎች ስንቱ ለሷ አጨብጭቦ ይሆን?

ልዩነቱ የመዝሙሩ ባለቤት ላይ ነው። የባዕድ መዝሙር ሲሆን አንገት መድፋት አርበኝነት ይባላል፤ የራስ ሲሆን ክህደት። ሶንና ቬራ የከፈሉት ዋጋ ቀላል አልነበረም፤ ቬራ አገሯ ገብታ ለዓመታት ከምትወደው ሥራ ታግዳ ኖራለች። ቢሆንም ከኋላቸው ልቡ ከነሱ ጋር የሆነ ሕዝብ ነበራቸው። ስሚዝና ካርሎስ የተነሱት አብሯቸው ያንኑ መዝሙር በሚዘምረው ሰው ፊት ነው። የጎረቤት ጓዳ ሲነቀፍ የሚስቅ ሁሉ የራሱ ሲነካ ዱላ ይፈልጋል። ለእኔ የነሱ ይከብዳል።

እኛ ኢትዮጵያውያን እንኳን ይህን ለመረዳት ባልተቸገርን ነበር። በዚያው ስታዲየም ከአራት ቀን በኋላ ማሞ ወልዴ ማራቶንን አሸንፎ የቆመለት የንጉሡ ዘመን መዝሙር ነው። ምሩፅ ይፍጠር በ1980 ሞስኮ የቆመለት የደርግ፣ ኃይሌ በ1996 አትላንታ የቆመለት ደግሞ ሌላ። በአንድ ሰው ዕድሜ ሦስት መዝሙር! አገሪቱ ያችው ናት፤ ሯጮቿም ያው ናቸው። ቢሆንም ኦገስት 21 ቀን 2016 ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ላይ ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አመሳቅሎ የኦሮሞ ወጣቶችን የተቃውሞ ምልክት ሲያሳይ፣ ያቺው የዩኒት ሊደሩ ጥያቄ ተነሳች። መዝሙር እንኳ አልተዘመረም፤ ያሸነፈውም ኬንያዊው ኪፕቾጌ ነው። መንግሥት ችግር አይገጥመውም ቢልም ፈይሳ ሁለት ዓመት አሜሪካ ከርሞ በኦክቶበር 2018 ተመለሰ።

በዚያው ሳምንት አሜሪካ ውስጥ የእግር ኳስ ተጫዋቹ ኮሊን ካፐርኒክ (የነሱን እግር ኳስ ማለቴ ነው፣ በእጅ የሚጫወቱትን) መዝሙር ሲዘመር መቀመጡ ታየ። ፖሊስ ጥቁሮችን መግደሉን ተቃውሞ ነው። ኔት ቦየር የተባለ የቀድሞ ወታደር ከመቀመጥ ተንበርከክ፣ እኛ ወታደሮች የወደቀ ጓዳችን መቃብር ላይ የምናደርገው እንደዚያ ነው ብሎ መከረው። ተንበረከከ። አገር ምድሩ ባንዲራችንን ሰደበ ብሎ ተንጫጫ። ይሄ ለኛ ሰው ግራ ነው የሚያጋባው። እኛ ዘንድ መንበርከክ የሚታወቀው ለታቦት፣ ለንጉሥ፣ ለሽማግሌ ነው፤ ተንበርክኮ የሰደበ ሰው እኔ አላውቅም። ከዚያ የውድድር ዓመት በኋላ አንድም ክለብ አላስፈረመውም።

ክብሩ የሚመጣው ነገሩ ከበረደ በኋላ ነው። ሶን በ1988 ሴኡል ስታዲየም ችቦ ይዞ ገባ፤ የ76 ዓመት አዛውንት ነበር። ኖርማን ግን አገሩ በ1972 ወደ ሙኒክ ሳትልከው ቀረች። በ2006 ሲሞት ስሚዝና ካርሎስ ድረስ ሄደው ሬሳ ሳጥኑን ተሸከሙ። የአውስትራሊያ ፓርላማ ይቅርታ የጠየቀው በ2012 ነው፤ ለማን እንደሆነ እንጃ።

ስሚዝና ካርሎስ በተማሩበት ሳን ሆዜ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ሐውልት ቆሞላቸዋል። ሁለቱ ጡጫቸውን እንዳነሱ አሉ፤ ሁለተኛው ደረጃ ግን ባዶ ነው። እንዲያ ይሁን ያለው ኖርማን ራሱ ነው፤ የመጣ ሰው ሁሉ ወጥቶ ይቁምበት ብሎ።