የዓባይ በረሃና የብልጭታው ጊዜ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አውቶሞቢል ቢቀበሉም፣ ጎጃም ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን በበቅሎ ሲመላለስ ኖሮ፣ ከሸዋ ወደ ደብረ ማርቆስ ሞተር የሚያሳልፈው ጎዳና የተጠረገለት በጠላት ወረራ ዘመን ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ከገቡና ነፃነት ከተመለሰ ወዲህ ጎዳናው ለአገሬው ቀረ፤ የመካኒክነትም ሙያ፣ በአገራችን በቀሩት ኢጣሊያውያን ጋራዥ ቁልፍ ከማቀበል በጀመሩ ወጣቶች እጅ ገብቶ፣ ብልጭታ ሰጪውን ካንዴላና ኃይል አጎልባቹን ቦቢና ከነኢጣሊያንኛ ስማቸው ወረሰ። ከዚህ ሙያ ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀኝ የብልጭታው ጊዜ፣ ማለትም የካንዴላው እሳት በሲሊንደሩ ውስጥ የሚጫርበት ቅጽበት ነገር ነው፤ በዚህ የአገሩ መልክዐ ምድር ራሱ መምህር ሆኗልና።

ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ የአየሯ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ በሲሊንደሩ የታመቀው የቤንዚንና የአየር ውሕድ ቀስ ብሎ ስለሚነድ፣ ፋብሪካው ለጠረፍ አገር በወሰነው ልክ የተተወ ሞተር ብልጭታው ይዘገይበታል፤ ጉልበቱ ይደክማል፣ ቤንዚንም ያባክናል። ስለዚህ መካኒኩ የብልጭታ አከፋፋዩን በጥቂቱ አዙሮ ጊዜውን ያስቀድመዋል። ነገር ግን ያው መኪና ከደጀን ቁልቁል ወርዶ፣ 1,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካለው የዓባይ ድልድይ ሲደርስ፣ አየሩ ወፍሮ ሙቀቱም በርትቶ ይቆየዋል፤ ጭኖ በማዶ ወዳለችው ጎሃ ጽዮን ሽቅብ ሲል፣ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ ሳለ እሳቱ ስለሚቀድመው ሞተሩ ያንኳኳል፣ ቸል ቢሉትም ፒስተኑን እስከ መብሳት ያደርሳል። ለደጋው የሚበጀው ለቆላው ጥፋት ነውና፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ ማግኘት ብርቱ ማስተዋል ይጠይቃል።

ለመነሻው አንዲት ትንሽ አምፖል ትበቃለች፦ አንድ ጫፏን ከቦቢናው፣ ሌላውን ከሻሲው አገናኝቶ ሞተሩን በእጅ ቀስ እያሉ ሲያዞሩት፣ በአከፋፋዩ ውስጥ ያሉት ሁለት ጥቃቅን መገናኛዎች በተለያዩባት ቅጽበት ትበራለች። የቀረው የጆሮ ሥራ ነው፤ የዜማ ተማሪ ስልቱን ከመሪጌታው አፍ ሰምቶ እንደሚያጸና፣ ረዳቱም የኳኳታውን ድምፅ ከጌታው አጠገብ ቆሞ ይለያል።

በዳገቱ መካከል ሞተር ሲጠፋ ደግሞ ልምድ ያለው ሰው አከፋፋዩን ለመንካት አይቸኩልም። አስቀድሞ የካንዴላውን ሽቦ ነቅሎ፣ ጫፉን ወደ ሞተሩ ብረት አስጠግቶ ብልጭታውን ይመለከታል፦ ሰማያዊና ብርቱ ከሆነ፣ ምናልባት በበረሃው ሙቀት ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ተንኖ ይሆናልና፣ ፓምፑን እርጥብ ጨርቅ አልብሶ እስኪበርድ ይታገሣል፤ ቢጫና ደካማ ከሆነ ግን የተቃጠሉትን መገናኛዎች ወይም ኮንደንሰሩን ይመረምራል።

ከባድ የናፍጣ መኪኖች ካንዴላ ስለሌላቸው፣ ይህ ጥበብ በፊያት 600፣ በቮልስና በመሰሎቻቸው ዙሪያ ተወስኖ ኖረ። ሽማግሌዎቹ መካኒኮች በቃላቸው የያዙት ልክ ሳያልፍ በጽሑፍ ቢሰፍርልን እጅግ እመኛለሁ፤ ምክንያቱም ኋላ የመጡት ሞተሮች የአየሩን ግፊትና የሲሊንደሩን ኳኳታ በኤሌክትሪክ መሣሪያ እየለኩ፣ ደጀን ላይም ሆነ ድልድዩ ላይ ብልጭታቸውን ራሳቸው ያስቀድማሉ፣ ያዘገያሉም።