ከበሬው ቀጥሎ ገበሬው፦ ላስታ በወረርሽኝ ዘመናት

ላስታ ውስጥ ጥማድ በሬ ያለው ሰው ሙሉ ገበሬ ነው። አንድ ያለው ከጎረቤቱ ጋር አቀናጅቶ በተራ ያርሳል። ምንም የሌለው ደግሞ መሬቱን ለባለ በሬ ሰጥቶ ምርቱን ይካፈላል። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ባለው ተዳፋት ገብሱም ባቄላውም የሚበቅለው በዚህ ሥርዓት ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ደጋው የወጣው የከብት በሽታ የገበሬውን ሞት አስከትሎ የመጣውም በሬው የቤቱ ሁሉ ምሰሶ ስለነበረ ነው።

በሽታው ደስታ የሚባለው ነው። ጣሊያኖች ምጽዋ ላይ ለሰፈረው ጦራቸው ከህንድ ባስመጧቸው ከብቶች እንደገባ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። የያዘው ከብት ያተኩሰዋል፤ ዓይኑና አፍንጫው ይፈሳል፤ አፉ ቆስሎ ሣር መንጨት ያቅተዋል፤ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በቀናት ውስጥ ይወድቃል። ከአገሩ ከብት ከመቶ ዘጠናው ያህል እንዳለቀ ይገመታል። ዝናቡም ከዳ፣ አንበጣና አይጥ የተረፈውን አዝመራ ጨረሰ። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን እንዲህ ጀመረ። በረሃብ የደከመውን ሰው ደግሞ ፈንጣጣ፣ ተስቦና ኮሌራ ተቀባበሉት። ይህን ዘመን በሰፊው ያጠኑት ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፉት፣ ከሕዝቡ ሢሶው እንዳለቀ የሚናገሩ ግምቶች አሉ።

ሢሶው ግን ከሁሉም ቤት እኩል አልተነሣም። ጎተራው የሞላ መኳንንት የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ ይችል ነበር። ገባሩ አይችልም። ባዶ ጎተራውን ታቅፎም ቢሆን ግብር ይጠየቃል፤ ወታደር ይመራበታል። መጋቢት 1881 ዓ.ም. ዓፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ ሰሜኑ ያለ ንጉሥ ቀረ፤ ጦር በተመላለሰበት አገር ሁሉ ደግሞ ስንቁ የሚወጣው ከገበሬው ቤት ነው። ደቡቡ እንሰት ነበረው። እንሰት በሬ አይጠይቅም፣ ዝናብ ቢዘገይም ይቆያል፤ እህልና በሬ ብቻ ተስፋው የሆነው የላስታ ደጋ ግን የሚሸሸግበት አልነበረውም። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዓፄ ምኒልክ በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ጽፈዋል። ሕዝቡ ያለ በሬ ማረስን እንዲለምድ የተደረገ መልካም ሥራ ነው፤ ንጉሡ ክብራቸውን ትተው አርአያ መሆናቸውን አደንቃለሁ። ቢሆንም ዶማ ለማንሣት መጀመሪያ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ጉልበት ደግሞ ከበላ ሰው ነው።

ያው በሽታ ወደ ደቡብ ወርዶ አርብቶ አደሮቹን ማሳዮች ላም በላም ሲያራቁት፣ ከእነሱም ብዙ ሰው በረሃብና በፈንጣጣ አለቀ። ሀብቱ ሁሉ ከብት የሆነ ሕዝብ ሀብቱንና ምግቡን በአንድ ቀን ያጣል።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ጉንፋን ኢትዮጵያ ገባ። አዲስ አበባ ብቻ እስከ አሥር ሺህ ሰው እንደሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ነበር፤ አስታማሚና ሐኪም ነበራቸውና ዳኑ። የደሃው ቤተሰብ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲወድቅ ውኃ የሚያቀብል አላገኘም። በዚያው ሰሞን በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ኒውዚላንድ ታስተዳድረው በነበረው ምዕራብ ሳሞአ፣ በሽተኞችን የጫነች መርከብ ወደብ እንድትገባ ተፈቅዶላት ከደሴቶቹ ሕዝብ አንድ አምስተኛው ያህል አለቀ። አጠገቡ ያለው የአሜሪካ ሳሞአ መርከቦችን አግዶ አንድም ሰው አልሞተበትም። ሕዝቡ አንድ፣ ባሕሩ አንድ፤ የለያቸው የገዢዎቻቸው ውሳኔ ነው።

ላስታ የጠገበውንና የተራበውን ልዩነት በ1977 ዓ.ም. ረሃብም አይታዋለች። ከዋግና ከላስታ በእግሩ ተጉዞ ኮረም መጠለያ የደረሰውን ሰው ከረሃቡ ጋር ኩፍኝ፣ ተስቦና ተቅማጥ ጨረሱት። የጠገበ ልጅ የሚድንበት ኩፍኝ የተራበውን ልጅ ይገድላል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ሲነገር የላስታዋ ላሊበላ ከተማ መተዳደሪያ በአብዛኛው ቱሪስት ነበር። አስጎብኚው፣ ወደ አሸተን ማርያም የምትወጣ በቅሎ የሚያከራየው፣ ሸማ የሚሸጠው፣ በቤተ መድኃኔዓለም ደጃፍ የእንግዳ ጫማ ጠብቆ የቀን ጉርሱን የሚያገኘው ወጣት በአንድ ሰሞን ሥራ ፈቱ። የመንግሥት ሠራተኛ ቤቱ ተቀምጦ ደመወዙን አገኘ፤ ጫማ ጠባቂው ግን ደመወዝ የለውም። በሬዲዮ «እጃችሁን ደጋግማችሁ ታጠቡ» ሲባል፣ በገጠሩ ቀበሌ ያለችው እናት አንድ ጀሪካን ውኃ በጀርባዋ አዝላ ዳገት ትወጣለች። ከዚያ ውኃ የሚጠጣው፣ ምግብ የሚበስልበትና እጅ የሚታጠብበት ስንቱ ነው?

ብሪታንያ ክትባት በኅዳር 2013 ዓ.ም. ስትጀምር ኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀመረች። የገጠሩ ሰው ተራ ገና ሳይደርስ በትግራይ የጀመረው ጦርነት መጣ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች ተያዘች፤ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋረጡ። ክትባት በቀዝቃዛ ማቆያ የሚቀመጥ ነገር ነው፤ መብራት በሌለበት አገር ስለ ኮሮና ክትባት ማውራት ከንቱ ሆነ።

ደሃውና የገጠሩ ሰው እየቀደመ መጎዳቱ ግን የግድ አልነበረም፤ ምስክሩ ያው ደስታ ነው። ያ ሁሉ ከብት የጨረሰ በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም፤ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታውጇል። ኢትዮጵያ ውስጥ በመጨረሻ ከጠፋባቸው ቦታዎች አንዱ አፋር ነበር። ሐኪም በመኪና ሊደርስበት ባልቻለው በረሃ፣ ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡና የሠለጠኑ ሰዎች ሙቀት የሚችል ክትባት ይዘው ከመንጋ መንጋ በእግራቸው ዞሩ። በሽታው ሥሩ የተነቀለው በእነሱ እጅ ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው ወረርሽኝ ከመምጣቱ በፊት የአማራ ክልል ጤና ቢሮና የሰሜን ወሎ ዞን ዕቅዱን ከአስፋልቱ ዳር ሳይሆን ከላስታ የመጨረሻ ቀበሌ ይጀምሩ። በየጤና ኬላው ያሉትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በመድኃኒትም በደመወዝም ያጠናክሩ፤ ከክትባቱ ጋር እህል ይላኩ፤ የቀን ገቢው ለሚቋረጥበት ቤተሰብ የሚከፈለው ገንዘብ በሽታው ሲገባ ሳይሆን ዛሬ በበጀት ይያዝ።