የመስተዋቱ ሉልና የ1927 ዓ.ም. ዓለም

በትምህርት ቤታችን የጂኦግራፊ ክፍል፥ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፥ የተጠቀለለ አንድ አሮጌ የአፍሪካ ካርታ አለ። በዚህ ካርታ ላይ ኤርትራ በኢትዮጵያ ወሰን ውስጥ ናት፤ ደቡብ ሱዳን ደግሞ ፈጽሞ አትገኝም። ከእኛ ተማሪዎች እኩሌቶቹ «ጊዜው ያለፈበት ነውና ይጣል» ሲሉ፥ እኩሌቶቹ «ይቀመጥ» እያልን አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ተከራከርን። ክርክሩ እልባት ስላላገኘ መምህራችን ከታሪክ ምሳሌ ፈልገን እንድናመጣ አዘዙን። እኔ ያገኘሁት ምሳሌ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የሚገኘው፥ ማፓሪየም የሚባለው፥ ሰው ከውስጡ ገብቶ የሚጎበኘው የመስተዋት ሉል ነው።

ሰውን በሉል ውስጥ አስገብቶ ዓለምን ማሳየት ቀድሞም ተሞክሮ ነበር። ጄምስ ዋይልድ የተባለ እንግሊዛዊ ካርታ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደን ከተማ በሌስተር አደባባይ 60 ጫማ ስፋት ያለው ሉል አሠርቶ፥ ተመልካቹ በደረጃ እየወጣ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ተራራውንና ባሕሩን እንዲያይ አድርጎ ነበር። ይህ ሉል ግን ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1862 ፈረሰ።

የቦስተኑ የተሠራው በክርስቲያን ሳይንስ ማተሚያ ማኅበር ሕንጻ ውስጥ ሲሆን፥ የንድፉ ባለቤት አርክቴክት ቸስተር ሊንድሴይ ቸርችል ነው። የሉሉ ስፋት 30 ጫማ፥ ማለት 9 ሜትር ያህል ነው። በነሐስ አጽም ላይ 608 ባለ ቀለም መስተዋቶች ተገጥመውበታል። በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስተዋት ሥዕል ያየ ሰው፥ ከኋላው ብርሃን ሲያገኝ ቀለሙ እንዴት እንደሚፈካ ያውቃል፤ በቦስተን ግን ያ ብርሃን ከላይም ከታችም ከዙሪያውም ይመጣል። ጎብኚው የሚቆመው ሉሉን ከዳር እስከ ዳር በሚያቋርጥ የመስተዋት ድልድይ ላይ ነው። የሰሜን ዋልታን ለማየት አንገቱን ያቀናል፥ የደቡብን ለማየት ከእግሩ በታች ይመለከታል። በድልድዩ አንድ ጫፍ ቆሞ በሹክሹክታ የተናገረውን በሌላው ጫፍ ያለ ሰው አጥርቶ ይሰማዋል፤ ክቡ ግድግዳ ድምፁን እያንጸባረቀ ያደርስለታልና። (እዚያ ገብቶ ምሥጢር ማውራት አይገባም።)

ከውስጥ ማየቱ ለምን አስፈለገ? በወረቀት ላይ ያለ ካርታ ክብ የሆነችውን ምድር ዘርግቶ ስለሚያሳይ መልኳን ያዛባል። በብዙ የግድግዳ ካርታዎች ግሪንላንድ አፍሪካን ታህላለች፤ በእውነቱ ግን አፍሪካ 14 እጥፍ ያህል ትበልጣታለች። ተራ ሉልም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከግማሹ በላይ አይታይም። በሉሉ መካከል የቆመ ሰው ዐይን ግን ከሁሉም አገር እኩል ይርቃል። በሒሳብ ብናሰላው በዚያ ሉል ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር 14 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን፥ ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር በአየር ያለው ርቀት 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሉሉ ለሕዝብ የተከፈተው ግንቦት 23 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። የተቀዳበት ካርታ የዚያን ጊዜውን ዓለም የሚያሳይ ነበርና አፍሪካ ከጥቂት አገሮች በቀር በአውሮፓውያን ቅኝ ግዛቶች ተከፋፍላ ትታያለች። ኢትዮጵያ ግን በወሰኗ ውስጥ ራሷን ችላ አለች። ከአራት ወር በኋላ፥ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተያዘች፤ ወዲያውም ኢጣሊያ አገራችንን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋራ ቀላቅላ «የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ» የሚል ስም ሰጠቻት። እንግሊዝና ፈረንሳይ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1938 ይህን ወረራ በይፋ ተቀበሉ፤ አሜሪካ አልተቀበለችም። አርበኞቻችን በዱር በገደል ሲዋደቁ በነበረባቸው በእነዚያ አምስት ዓመታት፥ በብዙ አዳዲስ ካርታዎች ላይ የኢትዮጵያ ስም ተፍቆ ነበር። በቦስተኑ መስተዋት ላይ ግን አልተፋቀም።

ይህ የሆነው የሉሉ ባለቤቶች ለእኛ ስላደሉ ነው አልልም፤ እንዲያ ብል ታሪክን ማጣመም ይሆናል። መስተዋቶቹ እየወጡ ሊለወጡ የሚችሉ ነበሩ። እንለውጥ አንለውጥ የሚለውም ሐሳብ በልዩ ልዩ ጊዜ ተነሥቶ ነበር። በመጨረሻ ግን ሉሉ የኪነ ጥበብና የታሪክ ሥራ ነውና እንዳለ ይቆይ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ከእድሳት በኋላ እንደ ገና ሲከፈት አምፖሎቹ በዘመናዊ መብራት ተተኩ እንጂ ወሰኖቹ አልተነኩም። ሕንድ ዛሬም በዚያ የእንግሊዝ ግዛት ናት፤ ታይላንድም ሲያም ትባላለች።

ደግሞ እውነቱን ለመናገር፥ አንድ የኬንያ ተማሪ በዚያ ድልድይ ላይ ቢቆም እንደ እኔ ደስ ላይለው ይችላል። እኔ በኩራት የማየው መስተዋት ለእርሱ አያቱ የተገዙበትን ዘመን ያሳየዋል። ስለዚህ ነገር ብዙ አሰብሁ። ነገር ግን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ነጻ ስትወጣ ያ መስተዋት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፥ በዚያው ሥርዓት በ1928 ዓ.ም. የእኛም መውጣት ነበረበት። በየጊዜው ያሸነፈውን ብቻ የሚያሳይ ካርታ ለሁለታችንም አይበጅም።

ይህን ጽሑፍ በክፍል ውስጥ ካነበብሁ በኋላ የአሮጌው ካርታ ነገር እንደ ገና ተነሣ። «ትንንሾቹ ተማሪዎች የዛሬ መስሏቸው እንዳይሳሳቱ» የሚለው የተቃዋሚዎቹ ቃል ትክክል ነበርና፥ ካርታው የታተመበት ዘመን በትልቁ ተጽፎ ከግርጌው እንዲለጠፍ ተስማማን። ከአዲሱ ካርታ አጠገብ የሚሰቀልበትን ሚስማር እየጠበቅን ነው።