ሠሪዎቹ ሳይታወቁ የበራው ጋዝ

ከየቤቱ የሚወጣ ፍሳሽና የምግብ ትራፊ አየር በማያስገባ ማብላያ ውስጥ ሲጠራቀም፣ ለዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን እያብላሉት ባዮጋዝ የሚባለውን፣ በአብዛኛው ከሜቴንና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቀላቀለውን ነዳጅ ይሰጣል። የሰው ልጅ ይህን ጋዝ ለጥቅም ያዋለው ግን የሚሠሩትን ተሕዋስያን በቅጡ ሳያውቅ ነው።

ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1776 በማጆሬ ሐይቅ ዳር ያለውን ጭቃ በዘንግ እየቆሰቆሰ፣ የሚወጣውን አረፋ በተደፋ ጠርሙስ አጠራቅሞ ሲለኩሰው መቀጣጠሉን አየ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1895 የእንግሊዟ የኤክሰተር ከተማ ባለሙያ ዶናልድ ካሜሮን፣ ሴፕቲክ ታንክ ብሎ የሰየመውን ዝግ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ሲሠራ ዓላማው ፍሳሹን ማጣራት እንጂ ነዳጅ ማምረት አልነበረም፤ ሆኖም ከታንኩ የወጣው ጋዝ ለማጣሪያው ግቢ መብራት ሆነ። ቆሻሻውን የሚያብላሉት ተሕዋስያን መሆናቸው በዚያን ጊዜ ቢታወቅም፣ ሥራውን እንዴት እንደሚከፋፈሉት ገና አልተለየም ነበር።

በ1930ዎቹ አሜሪካዊው ሆራስ ባርከር አልኮልን ወደ ሜቴን የሚለውጥ ተሕዋስ ለይቶ በሩሲያዊው ተመራማሪ በኦሜሊያንስኪ ስም ሰየመው፤ ሊቃውንትም ይህን ግኝት ለሠላሳ ዓመት ያህል ሳይጠራጠሩ ተቀበሉት። የአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ገደማ ባዮጋዝን ወደ ኢትዮጵያ አስገብቶ ለእርሻ መሣሪያ ብየዳ ሲሞክረው፣ የዓለም ሳይንስ የነበረው በዚሁ እምነት ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1967 ማርቪን ብራያንትና ባልደረቦቹ አንድ የተባለው ተሕዋስ በእርግጥ ሁለት መሆኑን አሳዩ። አንደኛው አልኮሉን ሰባብሮ ሃይድሮጂን ያወጣል፤ ሃይድሮጂኑ ሲከማች ግን የራሱን ሥራ ስለሚያግድበት፣ ሁለተኛው እየተቀበለ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋሕዶ ሜቴን ያደርገዋል፤ ስለዚህ አንዱ ያለ ሌላው ከአልኮል ሜቴን አያወጣም። ከባርከር ሥራ ይልቅ የሚያስደንቀው ሁለቱ ያን ያህል ዘመን እንደ አንድ ፍጡር መቆጠራቸው ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ተጣብቆ የሚኖርን ጥንድ ማለያየት ቀላል እንዳልነበረ መቀበል ይገባል።

በ1977 ደግሞ ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ የተሕዋስያኑን የዘር ቁስ አነጻጽረው፣ ሜቴን ሠሪዎቹ ከባክቴሪያ የተለየና ኋላ አርኬያ የተባለ ወገን መሆናቸውን አስታወቁ፤ በማብላያው ውስጥ ትራፊውን የሚሰባብሩት ባክቴሪያዎች ሲሆኑ፣ የሚነደውን ጋዝ የሚያወጡት ግን እነዚህ ናቸው።