እንጦጦ ላይ የተቆጠረ የዘር ሐረግ

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ውስጥ አቡነ ማቴዎስ የሸዋውን ንጉሥ ቀብተው ዘውድ ጫኑላቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ጣይቱ ብጡል እቴጌ ተባሉ። ንጉሡ የነገሡበት ስም ራሱ የዘር ክርክር ነበር፦ «ዳግማዊ ምኒልክ»። ሁለተኛ ካለ አንደኛ አለ። አንደኛው ደግሞ ክብረ ነገሥት እንደሚለው ንግሥተ ሳባ ከሰሎሞን የወለደችው ልጅ ነው። በሁለቱ ምኒልኮች መካከል ሦስት ሺህ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዘመን አለ።

ስለዚህ የነገሥታት የዘር ነገር በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ኢየሩሳሌም ነው። ማክዳ ሄዳለች፣ አልሄደችም፤ የመን ናት፣ አክሱም ናት። እዚያ ጫፍ ላይ የሚመረመር ወረቀት ስለሌለ ክርክሩ አያልቅም። ክሩ የሚሳሳው ግን ከአዲስ አበባ ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው። መንዝ ላይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ከነገሡ ወዲህ እስከ አፄ ልብነ ድንግል ያለው ተራ በዜና መዋዕልም፣ በገዳማት መጻሕፍትም ጥሩ ድጋፍ አለው። ልብነ ድንግል በ1532 ዓ.ም. በስደት ላይ ሳሉ ደብረ ዳሞ ዐረፉ። ልጃቸው ገላውዴዎስ ነገሡ፤ ከእርሳቸው በኋላ ወንድማቸው ሚናስ። ሌላው ልጅ አቤቶ ያዕቆብ ግን አልነገሡም። የሸዋ ወግ በግራኝ ጦርነት ዘመን መንዝ ውስጥ ተሸሽገው እንደነበር ይናገራል። ከያዕቆብ ሁለት ልጆች ይቆጠራሉ። አንዱ ፋሲል የአፄ ሱስንዮስ አባት ናቸው፤ የጎንደር ነገሥታት ከዚያ ይወርዳሉ፤ ይህም በሱስንዮስ ዜና መዋዕል ተጽፏል። ሁለተኛው ሥግወ ቃል ናቸው። የሸዋ ቤት የሚወርደው ከእርሳቸው ነው፤ ይህን የሚናገረው ግን በዋናነት ሸዋ ራሱ ነው።

ከሥግወ ቃል እስከ ነጋሢ ክርስቶስ ባለው መካከል ወረደ ቃል፣ ልብሰ ቃል የሚሉ ስሞች ይመጣሉ። ቅደም ተከተላቸው ከተራኪ ተራኪ ይለያያል፤ አንዳንዱ ቆጠራ በሴት በኩል ያልፋል። ስሞቹን ልብ በሉ። ሥጋ የሆነ ቃል፣ የወረደ ቃል፣ የቃል ልብስ፤ ሦስቱም ምሥጢረ ሥጋዌን የሚሰብኩ ናቸው። እርግጥ ሃይማኖተኛ ቤተሰብ ልጆቹን እንዲህ ብሎ ሊሰይም ይችላል። ቢሆንም የሦስት ሺህ ዓመት ሐረግ የተንጠለጠለው በእነዚህ ጥቂት ሰዎች ላይ ነው፤ ስለ እነርሱም ከስማቸው ሌላ የሚነገር ብዙ ነገር የለም። ከነጋሢ በኋላ ክሩ እንደገና ይጠነክራል፦ ስብስቴ፣ አብዬ፣ አምኃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሣህለ ሥላሴ፣ ኃይለ መለኮት፣ ምኒልክ። ከእነዚህ «ንጉሥ» መባል የጀመሩት ሣህለ ሥላሴ ናቸው።

ለምን በዚያ ቦታ ሳሳ? አንዱ ምክንያት አምባ ግሸን ሳይሆን አይቀርም። ነገሥታቱ ወንድ ዘመዶቻቸውን እዚያ ተራራ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ስለ ግሸን ሲወራ እስር ቤትነቱ ብቻ ይነሣል፤ ግን መዝገብ ቤትም ነበር። ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን ለመንገሥ እንደሚበቃ በአንድ አምባ ላይ ይታወቃል። የግራኝ አህመድ ጦር አምባውን ሲይዝ መሳፍንቱ አለቁ፤ ከእነርሱ ጋር ያ ሁሉ ዕውቀት ተበተነ። ከዚያ ወዲህ «ካመለጠው ልጅ የተወለድኩ ነኝ» የሚለውን ሰው ውሸታም ነህ የሚለው ዳኛ አልነበረም።

ደግሞም ከንጉሥ መወለድ እንደሚታሰበው ብርቅ አይደለም። በእኛ አገር ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በሰባተኛው ቤት ላይ አንድ ሰው 128 ቅድመ አያቶች አሉት፤ በአሥረኛው 1,024። ከልብነ ድንግል እስከ ምኒልክ ደግሞ ከአሥር ትውልድ በላይ ነው። ከነዚያ ሁሉ ሰዎች አንዱ ንጉሥ መሆኑ ምን ይገርማል? እንግሊዞችም ይህንኑ ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ1377 ከሞተው ከሦስተኛው ኤድዋርድ የማይወለድ እንግሊዛዊ ዛሬ ማግኘት አስቸጋሪ እንደሆነ በስሌት የሚያሳዩ አጥኚዎች አሏቸው። ልዩነቱ ከ1,024ቱ መካከል የትኛውን መርጦ መቁጠር እንዳለበት የሚያውቅና ቆጠራውን በሌላው ላይ የሚጭን ጉልበት ያለው ቤት ላይ ነው።

ለዚህ ከራሳቸው ከእንግሊዞች የተሻለ ምስክር የለም። ሄንሪ ቱዶር የንግሥና ዘሩን የሚቆጥረው በእናቱ በማርጋሬት ቦፎርት በኩል ነበር። የቦፎርት ቤት ደግሞ መነሻው ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1397 ሕጋዊ ተባሉ፣ በ1407 ግን ዘውድ እንዳይነካቸው ተብሎ ተጨመረበት። ሄንሪ በ1485 ቦስዎርዝ ሜዳ ላይ አሸነፈና ነገሠ። ንግሥናውንም ከውጊያው ዋዜማ ጀምሮ አስቆጠረ፤ በዚህም የተዋጉት ሁሉ በንጉሥ ላይ ያመፁ ሆኑ።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ምኒልክ በወንድ ቆጠራ ከአፄ ዮሐንስ ይልቅ ለዘውዱ እቀርባለሁ ባይ ነበሩ። ዮሐንስ የሰሎሞንን ዘር የሚቆጥሩት በሴት በኩል ነው። ሆኖም በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ «ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ስም ትተው የሸዋ ንጉሥ ብቻ ለመባል የተስማሙት ምኒልክ ናቸው። የዮሐንስ ጦር መሣሪያ ከመንዝ የዘር ሐረግ ይበልጥ ነበር። ክርክሩ የተዘጋው ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ነው። የእንጦጦው ዘውድ ከዚያ በኋላ ስምንት ወር እንኳ አልፈጀም።

ግን «ጠመንጃ ነው እንጂ ዘር ከንቱ ነው» ብሎ መደምደምም ስሕተት ነው። ዮሐንስ ራሳቸው እንዲህ አላሰቡም። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከዘረፏቸው መጻሕፍት መካከል ክብረ ነገሥት ነበር። ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ወደ ለንደን ጽፈው መጽሐፉ እንዲመለስ ጠየቁ፤ ያለ እርሱ የአገራቸው ሰው እንደማይታዘዝላቸው ገለጹ። ከመቅደላ ተወስዶ ያንን ያህል ፈጥኖ የተመለሰ ነገር ጥቂት ነው፤ በማግስቱ ዓመት ተላከላቸው። በኋላ መጽሐፉ ከምኒልክ እጅ ገባ፤ ፈረንሳዊው ሁግ ለሩ አዲስ ዓለም ድረስ ሄዶ እንዲያየው ፈቅደውለታል። ጠመንጃ ያሸንፋል፤ የተሸነፈው መኰንን ግን ሳያፍር የሚገብርበት ምክንያት ይፈልጋል። የዘር ሐረጉ ያንን ምክንያት ይሰጠዋል።

በሴት መቆጠር የኋላ ኋላ ለሸዋም ደረሰ። ልጅ ኢያሱ የምኒልክ የልጅ ልጅ የሚሆኑት በእናታቸው በሸዋረጋ ነው። በ1909 ዓ.ም. ሲወርዱ ከተነዛባቸው ወሬ አንዱ ከነቢዩ ሙሐመድ የሚያደርስ የዘር ሐረግ አስጽፈዋል የሚል ነበር፤ እውነት ይሁን ሐሰት፣ ከሳሾቹ ሰውን የሚያስደነግጠው ምን እንደሆነ በደንብ ያውቁ ነበር። ተፈሪ መኰንንም ቢሆኑ ከሣህለ ሥላሴ የሚገናኙት በአባታቸው እናት በተናኘወርቅ በኩል ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ነገሩን ከክርክር አወጣው፤ ዘውዱ ከቀዳማዊ ምኒልክ ሳይቋረጥ በወረደው በሣህለ ሥላሴ ዘር እንደሚቀጥል በአንቀጽ ተጻፈ። መንዝ ላይ የሳሳው ክር በሕግ ተጠገነ።

ይህ ሁሉ የቤተ መንግሥት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ገበሬውን ይጠይቅ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በመንዝም በጎጃምም የርስት ሙግት ሲነሣ ባላገሩ ዳኛ ፊት ቆሞ በአባትም በእናትም እየቆጠረ እስከ አቅኚው አባት ይደርስ ነበር። መቁጠር ከቻለ መሬት ያገኝ ነበር፤ ካልቻለ ይወጣ ነበር። ንጉሡና ገበሬው የሚሟገቱት በአንድ ሕግ ነበር። ታዲያ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ያደረጉት ይህንኑ አልነበረምን?

በ1870ዎቹ እዚያ ተራሮች ላይ የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ተገኘ፤ የአፄ ዳዊት ከተማ ነው ተባለ። የትኛው ዳዊት? አንደኛው በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የነገሡት ናቸው። ልብነ ድንግልም ዳዊት ይባሉ ነበር። ሁለተኛው ከሆኑ ደግሞ የምኒልክ ሐረግ የተንጠለጠለባቸው ሰው ናቸው። ወሬው ያለ መሠረት አልነበረም፤ የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ እ.ኤ.አ. በ1450ዎቹ በሣለው ካርታ ላይ ባራራ የሚባል የነገሥታት ከተማ አለ፣ በዚሁ አካባቢ እንደነበረም የሚያስቡ ተመራማሪዎች አሉ። እንጦጦ ብርድና የማገዶ እጥረት ነበረበት፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ሰው ወደ ፍልውኃው ወርዷል። ለምሽግነት ግን ከፍታው ይመቻል። ለርስት ሙግት ደግሞ ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ አዲስ መጪ መባል ቀርቶ ወደ አያት ቤት መመለስ ሆነ።

ችግሩ ኮረብታው ባዶ አለመሆኑ ነው። ጉለሌ፣ የካ፣ ገላን የሚሉት ስሞች የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ስሞች ናቸው። እነርሱም ዘር ይቆጥራሉ፣ ያውም በቃል፤ አባት በአባት እየጠሩ ብዙ ትውልድ ይወጣሉ። ሁለት ቆጠራ በአንድ ተራራ ላይ ተገናኘ። አንዱ በመጽሐፍ ተጽፎ ዘውድ ደፋ፤ የሌላው ስም በቦታው ላይ ቀረ። የካ ዛሬም ክፍለ ከተማ ሆኖ በየመታወቂያው ላይ ይጻፋል። በየጊዜው «ቀድሞ የነበረው ማነው» የሚለው ጠብ ሲነሣ ሁለቱም ወገን የሚያመጣው ማስረጃ በዓይነቱ አንድ ነው፦ አያት።

ከየካ ወደ ተራራው ሲወጣ ዋሻ ሚካኤል ይገኛል። ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በአዲስ አበባ ካሉት ሕንፃዎች ሁሉ በዕድሜ የሚቀድመው እርሱ ሳይሆን አይቀርም። የአካባቢው ወግ ያሠሩት አብርሃና አጽብሓ ናቸው ይላል፤ ያም ወደ አራተኛው መቶ ዘመን ይወስደዋል። የሚያጠኑት ሰዎች ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ያስቀምጡታል። ለድንጋዩም ቢሆን ንጉሣዊ አባት ተፈልጎለታል።